የቴሌቪዥን ባሏ ቀብር

“ተቀመጪ” አሏት።

ንዲንዳ አልተቀመጠችም። ምንጣፉ ከአዲሱ ጎጆ በር አጠገብ ተነጥፏል። ሦስት ሴቶች ዳር ዳሩን ይዘው መሃሉን ለቀውላታል። የጎጆው ጭቃ አልደረቀም፤ ትናንት ተመርጎ ነው ያደረው። ለሟቹ በጥድፊያ የተሠራ ቤት ነው።

“መንገዱ አድክሟታል፤ ተዉአት እስቲ” አለች አንዷ።

“የደከመው ይቀመጣል እንጂ ይቆማል?”

“ካምባ ናት፤ የኛ ነገድ አይደለችም።”

“ካምባ ሲፈጠር ጉልበቱ አይታጠፍም እንዴ?”

“ቆሜ ይሻለኛል፣ እናቶቼ” አለች ንዲንዳ በእነሱው በሉዎኛ። ያደገችው ናይሮቢ፣ ካሎሌኒ ሰፈር፣ ከሉዎ ልጆች ጋር እየተጋፋች ነው። ቋንቋውን መቻሏ ነገሩን አባሰው። ሴቶቹ ተያዩ።

“አያችሁ? ባሏ አስተምሯታል።”

ባሏ የተባለው ሰው ከግቢው መሃል፣ በሸራ ጥላ ሥር፣ በሣጥን ተኝቷል። ኦባራ ይባላል። ናይሮቢ ውስጥ በውኃ ክፍል ጸሐፊ ነበር፤ የሳንባ ምች ገደለው። የንዲንዳ ባል ሆኖ አያውቅም። ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ የዝናብ ወቅት፣ በየሳምንቱ እሑድ ማታ ለግማሽ ሰዓት ያህል፣ በቴሌቪዥን ባሏ ነበር።

ትርኢቱ “ምላንጎ ዋዚ” ይባል ነበር። የተከፈተ በር ማለት ነው። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር በሁለት ክፍል ቤት ይኖራሉ፤ በየሳምንቱ ከገጠር አንድ ዘመድ መጥቶ ቤቱን ያተራምሳል። ያን ጊዜ ተዋናይ የሚባል ሥራ አልነበረም። ኦባራ ከቢሮ፣ ንዲንዳ ከስፌት መኪናዋ ተነሥተው ሐሙስ ከሰዓት ስቱዲዮ ይገባሉ። ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ነበር፤ በር በተዘጋ ቁጥር ቤቱ ሁሉ ይወዛወዛል። ዝናቡ ሲያበቃ ትርኢቱም ቆመ። ለምን እንደቆመ የነገራቸው የለም። ሐሙስ ቀን መጡ፤ ስቱዲዮው ተቆልፏል።

ከዚያ የቀረላት ስም ብቻ ነው። የትርኢቱ ልጅ ዙሁራ ስለነበረች፣ ሰፈርተኛው ሁሉ ንዲንዳን ማማ ዙሁራ ይላት ጀመር። ከሁለት ዓመት በኋላ ኪሎንዞን ስታገባም ስሙ አለቀቃት። ኪሎንዞ በባቡር ጣቢያ መጋዘን የሚሠራ፣ ቁም ነገረኛ፣ ቂም የሚይዝ ሰው ነው። አራት ዓመት አብረው ኖሩ። ልጅ አልመጣም። ያልወለደች ሴት በመንገድ ላይ “ማማ ዙሁራ! ማማ ዙሁራ!” ስትባል ባል ምን እንደሚሰማው ኪሎንዞ አይናገርም፤ ጫማውን ሲያወልቅ ይወረውረዋል።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ሬዲዮው የሞቱ ሰዎችን ስም ሲያነብ ሁለቱም እራት ላይ ነበሩ። “ኦባራ፣ የያላ መንደሩ። በናይሮቢ የዩኒፎርም ሰፊዋ የንዲንዳ ባል፣ የዙሁራና የጁማ አባት።”

ኪሎንዞ ጉርሻውን መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ።

“ተሳስተው ነው” አለች ንዲንዳ። “ያ እኮ የቴሌቪዥኑ ነው። ታውቃለህ።”

“የቴሌቪዥኑን አውቃለሁ። በሬሳ ላይ ግን ማን ይቀልዳል?”

“ኪሎንዞ፣ እባክህ…”

“እኛ አገር ማቻኮስ ሬዲዮ ያለው ሁሉ ሰምቷል። እናቴ ሰምታለች። እኔ ዘንድ አራት ዓመት አልሆን ያለሽ፣ ለካ እዚያ ሁለት አድርሰሻል።”

“የሰው ልጆች ናቸው! ከሰፈር ያመጧቸው!”

“እንግዲህ ሬዲዮው ያለውን ሬዲዮው ይብላው። ውሸት ነው ሲል በጆሮዬ እስክሰማ እዚህ ቤት እንዳትገቢ።” ሻንጣዋን በር ላይ አቆመው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ንዲንዳን ያስፈራት ይኸው ነው።

ስፌት ቤቱ ውስጥ አደረች። ጠዋት ሬዲዮ ጣቢያው ሄደች። የማስታወቂያ ክፍሉ ሰውዬ ብዕሩን ከጆሮው ሳያወርድ አያት።

“ማረም የሚችለው ያስነገረው ሰው ነው። ሬሳው ያንቺ ነው?”

“አይደለም።”

“ዘመድሽ ነው?”

“አይደለም አልኩህ። ነገሩ እሱ አይደል?”

“እንግዲያው በሰው ሬሳ ምን አገባሽ?”

ከዚያ ቴሌቪዥን ጣቢያው ሄደች። አንዱን ክፍል ብታገኝ፣ ኪሎንዞን ወስዳ ብታስቀምጠው፣ የሚወዛወዘውን ግድግዳ አይቶ ይስቅ ይሆናል ብላ። የቴፕ መጋዘኑ ሰው አስታወሳት፤ ሻይም ጋበዛት።

“ምላንጎ ዋዚ? ሆኪ ተቀርጾበታል፣ እኅቴ።”

“ሁሉም?”

“ሆኪ፣ ሰልፍ፣ የከብት ኤግዚቢሽን። ቴፕ ከውጭ ነው የሚገባው፤ ደምስሰን ነው የምንጠቀመው። አንድ ቀርቷል ግን። በሌላ ካርቶን ገብቶ ተረፈ።”

“የትኛው?”

“የመጨረሻው። ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ የተጋባችሁበት።”

ንዲንዳ ሻይዋን ሳትጨርስ ወጣች። ዓርብ ማታ ወደ ኦባራ መንደር፣ ወደ ያላ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ ነበረች። ቀብሩ ቅዳሜ ነው። ያስነገረውን ሰው የምታገኘው ቀብሩ ላይ ነው።

ያስነገሩት የኦባራ አጎት ናቸው፤ ጃዱኦንግ ኦላል። ጃዱኦንግ የሽማግሌ ማዕረግ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ካፖርታቸውን በዚያ ሙቀት ያላወለቁ ሰው። ጠዋት እንደደረሰች በአጥሩ በር ላይ ይዛ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሰሙ። አላቋረጧትም።

“ፎቶግራፉንስ ምን እናድርገው?” አሉ በመጨረሻ።

“የምን ፎቶግራፍ?”

ከካፖርታቸው ኪስ አወጡት። ንዲንዳ ነጭ ለብሳ፣ ኦባራ ከረባት አስሮ፣ ሁለቱ ልጆች ከፊት። ጀርባው ላይ በኦባራ እጅ ስሟና ሥራዋ ተጽፏል።

“የትርኢቱ ነው። ቀሚሱን ራሴ ነኝ የሰፋሁት፤ ከኋላ አልተዘጋም፣ በመርፌ ቁልፍ ነው የተያዘው።”

“ከኋላ ማን ያያል?” አሉ ኦላል። ወዲያና ወዲህ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ስሚኝ ልጄ። ሚስትና ቤት ያለው ሰው በቤቱ በስተቀኝ ይቀበራል። የሌለው ወደ አጥሩ ተገፍቶ ነው። ልጃችን ዐርባ ዓመት አልፎታል። ጉድጓዱ በስተቀኝ ተቆፍሯል። ቤቱም ይኸው። ሰው ከሦስት ወረዳ መጥቷል። ግማሽ ቀን ነው የምለምንሽ። ምንጣፉ ላይ ቁጭ በይ። ሰኞ ራሴ ናይሮቢ ወርጄ አርማለሁ።”

“ሰኞ?”

“በእናቴ አፈር።”

ጥሩ ዋጋ ይመስል ነበር። ለግማሽ ቀን መቀመጥ። ከአጥሩ ውጭ ግን ከናይሮቢ የመጣ አውቶቡስ ቆሟል፤ የውኃ ክፍል ሰዎች፣ የካሎሌኒ ሰዎች። ምንጣፉ የሟች ሚስት ቦታ ነው፤ እዚያ ተቀምጣ የታየችን ሴት የሬዲዮ እርማት አያነጻትም። ንዲንዳ ይህን ታውቃለች። ገባች፤ ግን ቆማ ቀረች።

እስከ እኩለ ቀን እንዲህ ቆየች። በጥላው ሥር ትቆማለች፣ ወደ ውኃው በርሜል ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ የአጥሩን በር ታያለች። በሄደችበት ሁሉ አንዲት አክስት ትከተላታለች።

“ስድስት ዓመት ሙሉ! ለአንድ የገና በዓል እንኳ ብቅ ብትይ ምን ነበረበት?”

“እኔ…”

“ኦባራ፣ ዝንብ ትፈራለች ይለን ነበር። ዝንብ! እኛ ዝንብ ነን?”

“አልወጣኝም፣ እናቴ።”

“ልጆቹንስ ምነው አላመጣሽም? ዙሁራ እኮ ጡት ሳታወጣ አትቀርም አሁን።”

ዙሁራ የሆነችው ልጅ ሞምባሳ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። ጁማ የሆነው የት እንዳለ ንዲንዳ አታውቅም። “ትምህርት ቤት ናቸው” አለች። ከአፏ ሲወጣ ደነገጠች። ግማሹ እውነት ነበር፤ ግን የሚስት መልስ ሆነ።

የኦባራ የአጎት ልጅ ኦጉቱ የባሰ ነው። በለቅሶ ቤት ሰው ማሳቅ ሥራው ነው። ባዶ ሳህን ይዞ መጣ።

“ቆሞ የሚውል ሰው ሊሸሽ ነው። እኔ ግን እዚህ ነኝ፤ አይዞሽ። የሟች ሚስት ለወንድም ትቀራለች። ተራው የኔ ነው።”

“ሚስት የለህም?”

“ያቻትና፤ የኡጋሊውን ገንፎ ታማስላለች። ክንዷ ደክሟል። ሁለት ብትሆኑ ትተጋገዛላችሁ።”

“ጥራልኝ እስቲ፣ ትስማማ እንደሆነ ልጠይቃት።”

ኦጉቱ ሳቀ። “እውነትም የኦባራ ሚስት ነሽ!” ብሎ እየጮኸ ሄደ። ንዲንዳ ምላሷን ነከሰች። ቀልድ ስትመልስ ሚስት ትሆናለች፤ ዝም ስትል ያዘነች ሚስት ትሆናለች።

ያላናገሯት አንዲት ሴት ብቻ ናቸው። የኦባራ እናት ስማቸው አዶዮ ነው፤ ሁሉም የሚጠሯቸው ግን ሚን ኦባራ፣ የኦባራ እናት እያሉ ነው። በሣጥኑ ራስጌ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጠዋት ንዲንዳ ስትገባ ቀና ብለው አይተዋታል። ከዚያ ወዲህ አንዴም ዓይናቸውን አላነሡላትም።

ከምሳ በኋላ ንግግር ተጀመረ። ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ጎረቤት በባትሪ የሚሠራውን የድምፅ ማጉያ በሁለት እጃቸው ያዙት።

“ኦባራ ቀልደኛ ነበር” አሉ። “አንድ ቀን የሚስቱ ዘመዶች ከካምባ አገር ሳይናገሩ መጡበት። ቤት ውስጥ የሚቀርብ የለ። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ግቢው ውስጥ ያለው የውኃ በርሜል ውስጥ ገባ!”

ሕዝቡ አጉረመረመ። ታሪኩን ያውቀዋል።

“ዘመዶቹ ተቀመጡ። ወሬ ያዙ። እጅ ለመታጠብ አንዱ በጣሳ ቀዳ። ሌላውም ቀዳ። ሴትየዋ ደግሞ እግሬን ልታጠብ አለች። ውኃው ይጎድላል፤ ኦባራ ዝቅ ይላል። ውኃው ይጎድላል፤ ኦባራ ዝቅ ይላል። በመጨረሻ አማቱ ጣሳቸውን ሲሰዱ ምን ነኩ? መላጣ!”

ለቀስተኛው በሳቅ ፈነዳ። ንዲንዳ ወሬውን ታውቀዋለች። የምላንጎ ዋዚ አራተኛው ክፍል ነው። ስቱዲዮ ውስጥ በርሜሉ አፍስሶ፣ የመብራት ሠራተኞቹ ገመዳቸውን እያነሡ ሲሳደቡ፣ የመላጣው ነገር ሳይቀረጽ ቀርቷል። ሽማግሌው ግን ጨረሱት።

ቀጥላ አንዲት ሴት ተነሣች። ኦባራ ፎቅ ላይ ፍየል አውጥቶ ያስቀመጠ ጊዜ የሆነውን ተናገረች። ፍየሉ መጋረጃ በላ፤ የቤት አከራዩ መጋረጃ በሌለው መስኮት አይቶ መጣ። ሁለተኛው ክፍል። ከዚያ አንድ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ፣ ኦባራ መኪና መንዳት ሲማር የሽንት ቤቱን በር እንደጣለ፣ ውስጥ ቄስ እንደነበሩ። ያንን ንዲንዳ ራሷ ረስታው ነበር።

መንደሩ መብራት የለውም። ቴሌቪዥን ያዩ ሰዎች በጣት ይቆጠራሉ። ኦባራ በየገናው እየመጣ ምላንጎ ዋዚን ክፍል በክፍል፣ የቤቱ ወሬ አድርጎ፣ ለነዚህ ሰዎች ሲያወራ ኖሯል። ናይሮቢ በሆኪ የተደመሰሰው ሁሉ እዚህ በቃል አለ፤ ሐውልት ሊሆነው ነው። እሷም በእያንዳንዱ ውስጥ አለች።

ባለ ባርኔጣው ድምፅ ማጉያውን መልሰው ነጠቁ። “ሚስቱን ሳልጠቅስ! ሰው ኦባራን ፈልጎ በሩን ሲያንኳኳ ምን ትላለች?”

“ይህን ሰው አላውቀውም!” አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

“ከዚያስ?”

“ድርግም!”

ልክ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የሚያልቀው በዚያ ነበር። ንዲንዳ በሩን ስትዘጋ ግድግዳው ይወዛወዛል፤ የሠራተኞቹ ስሞች በቴሌቪዥኑ ላይ ይወርዳሉ።

ኦላል ወደ እሷ ዞሩ። ፊታቸው ይለምናል። “አሁን” አሉ በድምፅ ማጉያው፣ “ከአፈሩ በፊት ሚስት ትናገር።”

ማጉያው እጇ ገባ። ከባድ ነበር፤ መያዣው በላብ ረጥቧል። ሦስት መቶ ሰው አያት። ከአጥሩ ዳር የካሎሌኒ ሰዎች ቆመዋል፤ ከመካከላቸው የኪሎንዞን መጋዘን የሚያውቅ አይጠፋም። አሁን ያልተናገረችው መቼም አይነገርም።

“ስሜ ንዲንዳ ነው” አለች። “የማቻኮስ ሰው ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ባሌ ኪሎንዞ ይባላል፤ በሕይወት አለ።”

ጉምጉምታ ተነሣ።

“ከኦባራ ጋር አብረን ሠርተናል። ጥሩ ሰው ነበር። ግን ባሌ አልነበረም። ልጅም የለንም። እኔ ይህን ሰው…”

አረፍተ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ያየችው ዘግይታ ነው። ኦጉቱ ቀደማት።

“አላውቀውም በያ!”

ሳቁ እንደ ዝናብ ወረደ። ሴቶች ዕልል አሉ። ባለ ባርኔጣው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸውን መቱበት። “አይ ማማ ዙሁራ! በሬሳው ላይ እንኳ አትለቀውም!”

“እውነቴን ነው!” አለች ንዲንዳ። ድምፅ ማጉያው ጮኸ። “ቀልድ አይደለም! ትርኢት ነበር፣ ውሸት ነበር!”

“ድርግም!” አሉ ከኋላ። ሳቁ ታደሰ። አንዲት ሴት እየሳቀች ታለቅስ ጀመር፤ ሌሎቹም ተከተሏት። የሚስት ስንብት ከዚህ የበለጠ አያምርም ተባለ። እውነቱን በተናገረች ቁጥር የበለጠ ሚስት ሆነች።

ሚን ኦባራ አልሳቁም። ከዘራቸውን አንሥተው ወደ ንዲንዳ አመለከቱ። ሄዳ በፊታቸው ተንበረከከች።

“ስትገቢ አይቼሻለሁ” አሉ እናትየው፣ በዝግታ። “ባሏ የሞተባት ከአጥሩ በር ጀምራ ትጮኻለች። አንቺ ጭቃ እንዳይነካሽ እግርሽን እያየሽ ገባሽ። ካምባ ናት አሉኝ። ካምባ ባሏ ሲሞት አታለቅስም?”

“ታለቅሳለች፣ እማማ።”

“ያልሽው እውነት ነው?”

“እውነት ነው።”

“ልጆቹስ?”

“ሴቷ የሥራ ጓደኛችን ልጅ ናት። ወንዱን ከሰፈር ነው ያመጡት።”

“ፎቶግራፉ ላይ ጁማ የባሌን አፍንጫ ነው የያዘው።”

ንዲንዳ ወደ ሣጥኑ አየች።

“እንዲያ ነበር የምለው” አሉ አሮጊቷ። “ከጎንሽ ተኝቶ ያውቃል?”

“አያውቅም።”

“አንድ ቀንም?”

“አንድ ቀንም፣ እማማ።”

“ሞኝ” አሉ። ማንን እንደሆነ አልታወቀም።

ኦላል መጥተው ጎንበስ አሉ። “ሚን ኦባራ፣ ሰው እየጠበቀ ነው። ሰኞ ይታረማል ብያታለሁ። ዛሬ ይለፍ።”

“ምን ይለፍ? ቺራው በነዚህ ልጆች ላይ እንዲወርድ?” ቺራ ሥርዓት ሲጣስ በዘር ላይ የሚወርደው መቅሠፍት ነው። እናትየው በከዘራቸው ከሣጥኑ ጀርባ የቆሙትን የልጅ ልጆቻቸውን አሳዩ። “ሚስት ሳይኖረው በሚስት ቦታ ቅበረው። ከዚያ እነሱ አንድ በአንድ ሲከስሙ ሬዲዮ ወርደህ አርም።”

“ጉድጓዱ እኮ ተቆፍሯል!”

“የተቆፈረ ይደፈናል።”

ተነሡ። የንዲንዳን ክንድ ያዙ፤ ለድጋፍ ይሁን ለመጎተት አልለየም። በሕዝቡ መሃል ወደ አጥሩ በር ይዘዋት ሄዱ። መጀመሪያ ሳቅ ነበር። ከዚያ መንገድ የሚለቅ ሰው በዛ። በሩ ጋ ሊደርሱ ሲሉ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ከፊት ቆሙ።

“ሚን ኦባራ፣ አብደሻል? ባል ሞቶ፣ አፈር ሳይለብስ ሚስት ከግቢ አትወጣም!”

“አትወጣም” አሉ እናትየው። “ይህችኛዋ ግን ትወጣለች።”

ንዲንዳን በበሩ አሳልፈው መንገዱ ላይ አቆሟት። እሳቸው ከውስጥ ቀሩ።

ያኔ ሁሉም ገባው። ኦጉቱ እንኳ ሳህኑን ይዞ ወደ መሬት አየ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ በአንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ፤ ቆፋሪዎቹ የቁፋሮ ድርሻችንን በልተን ጨርሰናል፣ ሁለተኛ አንቆፍርም አሉ፤ አንዱ ሌላ በሬ ይታረድ አለ፤ አንዱ ሰደበው። ባለ ባርኔጣው ለብቻቸው ቆመው “በርሜሉስ? የበርሜሉም ውሸት ነው?” ይሉ ነበር።

ኦላል ካፖርታቸውን እየጎተቱ ወደ በሩ መጡ። ንዲንዳን አላዩዋትም፤ ከራሷ በላይ ያለውን ዛፍ ነው ያዩት።

“ምን ብዬ ላስነግር?”

“የንዲንዳ ባል የተባለው ስሕተት ነው ይበሉ” አለች። “ይበቃል።”

“አይበቃም” አሉ እናትየው ከበሩ ወዲያ። “ግማሽ እርማት ሌላ ወሬ ይወልዳል። ሚስት አልነበረውም በል። ልጅ አልነበረውም በል። የአዶዮ ልጅ በል። ሌላ አትጨምር።”

“እማማ” አለች ንዲንዳ። ይቅርታ ማለት ትችል ነበር፤ ግን ለየትኛው? “እማማ፣ እኔ…”

“የማታቱው መኪና ያመልጥሻል” አሉ፤ ዞሩም።

መንገዱ ዳር ቆመች። ተቀመጪ የሚላት አልነበረም፤ እሷ ግን አልተቀመጠችም። እስከ ዛፉ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ከግቢው በስተግራ፣ ከአጥሩ ሥር፣ መጀመሪያ አንድ ዶማ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ብዙ ሲመታ ተሰማ። መሬቱ እዚያ ድንጋያማ ነበር። ማታቱው መጣ፤ ሞልቷል። በሩን ይዛ ቆማ ሄደች።

እርማቱ ሰኞ ማታ ከዜና በፊት ተነበበ፤ ሚስት አልነበረውም፣ ልጅ አልነበረውም። ኪሎንዞ ሰማው፤ ለንዲንዳም በሩን ከፈተላት። በሚቀጥለው ዓመት ልጅ ፍለጋ ሁለተኛ ሚስት አገባ።